ስታፍ ባክቴሪያ ሰውነታችንን የሚይዝባቸው ፕሮቲኖች

ከጤነኛ ሰዎች መካከል ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ (በአጭሩ ስታፍ) የተባለውን ባክቴሪያ በአፍንጫው የፊተኛ ክፍል ውስጥ ዘወትር ይዞ ይኖራል፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ አልፎ አልፎ ያስተናግዱታል። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጉዳት ስለማያደርስ የያዘው ሰው መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ዕድሜውን ይገፋል። ይሁን እንጂ ቆዳ ሲቆረጥ፣ በቀዶ ሕክምና ወቅት ወይም ደም ሥር ውስጥ በገባ የፕላስቲክ ቱቦ በኩል ወደ ውስጥ ከዘለቀ፣ ከተራ ብጉንጅ አንስቶ የአጥንት መመርቀዝን፣ የሳንባ ምችን፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንን እና የደም መመረዝን ሊያስከትል ይችላል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ2019 ብቻ ከዚህ አንድ ባክቴሪያ ጋር የተያያዘው ሞት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደነበረ ገምቷል።

ስለ ስታፍ ሲነሳ በአብዛኛው የሚወራው ስለሚያመነጨው መርዝ እና መድኃኒትን ስለ መላመዱ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጉዳይ አለ። ባክቴሪያው መርዙን ለመርጨት በመጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ መቆየት አለበት፣ ሰውነታችን ደግሞ ያለማቋረጥ ሊያስወግደው ይሞክራል፤ ንፍጥ ይጠርገዋል፣ ቆዳ የላይኛውን ንብርብር እያራገፈ አብሮ ይጥለዋል፣ ደም በኃይል እየፈሰሰ ይገፋዋል። ይህን ሁሉ ተቋቁሞ እንዲቆይ የሚያደርጉት በገላው ላይ የተተከሉት ፕሮቲኖች ናቸው። የዚህን ባክቴሪያ ሁለት መልክ በሚገባ የሚያስረዳውም፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ በሰላም የሚያኖሩት ፕሮቲኖችና የልብ ቫልቭ ላይ ሲያርፍ ገዳይ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

አንድ የስታፍ ሕዋስ ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ አሌክሳንደር ኦግስተን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከሕሙማን የወሰደውን መግል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ያያቸው ክብ ክብ የሆኑና ዘለላ ሠርተው የተጠጋጉ ሕዋሳት እነዚህ ነበሩ። ሕዋሱ ከስኳርና ከአሚኖ አሲድ በተሠራ ወፍራም ግድግዳ የተከበበ ሲሆን፣ ፕሮቲኖቹ የሚተከሉት በዚህ ግድግዳ ላይ ነው። አተካከላቸው የራሱ ሥርዓት አለው። ፕሮቲኑ በሕዋሱ ውስጥ ተሠርቶ በስስ ሽፋኑ በኩል ወደ ውጭ ሲወጣ፣ በጅራቱ አካባቢ አምስት አሚኖ አሲዶች ያሉት መለያ ይዞ ይወጣል፤ ሶርቴዝ ኤ የተባለ ኢንዛይም ይህን መለያ አይቶ በአራተኛውና በአምስተኛው አሚኖ አሲድ መካከል ይቆርጠውና የተቆረጠውን ጫፍ ከግድግዳው ጋር በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር ያያይዘዋል። ይህን ኢንዛይም ኦላፍ ሽኒዊንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረጉ ሲሆን፣ ከ20 የሚበልጡ የስታፍ ፕሮቲኖች በዚሁ በአንድ ኢንዛይም አማካይነት እንደሚተከሉ ዛሬ ይታወቃል። የሶርቴዝ ዘረመሉ የተወሰደበት ባክቴሪያ በላብራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ችግር ይራባል፤ አይጥ ላይ ሲሞከር ግን በሽታ የማምጣት አቅሙ እጅግ ይዳከማል። ባክቴሪያው በሕይወት ለመኖር እነዚህን ፕሮቲኖች እንደማይፈልጋቸው፣ ለማሳመም ግን የግድ እንደሚያስፈልጉት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ሥራውን በዓይን በሚታይ መንገድ ያሳያል፤ ይህም በአገራችን ላብራቶሪዎች ጭምር የተለመደ ምርመራ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያው ከሕመምተኛው ቁስል የተወሰደውንና በማሳደጊያ ሳህን ላይ የበቀለውን ባክቴሪያ ጥቂት ወስዶ በብርጭቆ ስላይድ ላይ ባለ የጨው ውኃ ጠብታ ውስጥ ያሟሟዋል። ድብልቁ እንደ ተበጠበጠ ወተት አንድ ወጥ ሆኖ መታየቱን ካረጋገጠ በኋላ አንዲት ጠብታ የጥንቸል ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ይጨምርበታል። ባክቴሪያው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ 10 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድብልቁ ይቋጠራል፤ ነጫጭ ቅንጣቶች በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው ይታያሉ። ቅንጣቶቹን የፈጠረው ክላምፒንግ ፋክተር ኤ የተባለው የገጽ ፕሮቲን ሲሆን፣ የያዘው ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፋይብሪኖጅን ነው። የፋይብሪኖጅን ሞለኪውል ሁለት ጫፎች ስላሉት አንዱን ባክቴሪያ በአንዱ ጫፍ፣ ሌላውን በሌላው ጫፍ እያያያዘ ሺዎችን ያቆራኛል። ፕሮቲኑን የሚጋርድ ሽፋን ያላቸው አንዳንድ ዝርያዎች በዚህ ምርመራ ሊያመልጡ ስለሚችሉ፣ አጠራጣሪ ውጤት ሲገኝ በቱቦ የሚሠራውና ሰዓታት የሚወስደው ምርመራ ይከተላል፤ ያኛው የሚለካው ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚያመነጨውን ኮዋጉሌዝ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው።

ክላምፒንግ ፋክተር ኤ ፋይብሪኖጅንን የሚይዝበት መንገድ በጣም የሚያስደንቅ ነው። ፕሮቲኑ ጫፉ ላይ በሁለት ክፍሎች መካከል ጠባብ ስርጉድ አለው። የፋይብሪኖጅን ቀጭን ጅራት ወደዚህ ስርጉድ ሲገባ የፕሮቲኑ አንድ ዘርፍ ቅርጹን ቀይሮ በላዩ ላይ ይታጠፋል፣ ከዚያም ጫፉ ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ተሰክቶ ይቆለፋል። በዚህ መልክ የተያዘን ጅራት ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት በአንድ ሞለኪውል ደረጃ ሲለካ ወደ ሁለት ናኖኒውተን ይጠጋል፤ ይህም አንድ አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርሞችን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) የያዘውን ነገር ለማስለቀቅ ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ የሚበልጥና ኬሚካዊ ትስስርን ለመበጠስ ወደሚጠይቀው ኃይል የሚቃረብ ነው። በሙኒክ የሚገኙ የፊዚክስ ተመራማሪዎች የዚህ ባክቴሪያ ዘመድ በሆነው በስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ፕሮቲን ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥንካሬው የሚመጣው ሁለቱ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ከተቀናጁበት አቀማመጥ እንደሆነ አሳይተዋል። የክላምፒንግ ፋክተር ኤ ልዩ ባሕርይ ደግሞ በዝግታ ሲሳብ ላላ ብሎ፣ ጉተታው ሲበረታ መጥበቁ ነው። ልብስ ላይ የተሰካ ጭጎጎት በጎተቱት ቁጥር ይበልጥ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ይህም ባክቴሪያ የደም ፍሰት ይበልጥ በሚያይልበት ቦታ ይበልጥ ይጣበቃል።

ይህ ባሕርይ ለልብ ቫልቭ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጤነኛ ቫልቭ ለስላሳ ሽፋን ስላለው ባክቴሪያ በቀላሉ አይይዘውም። ሽፋኑ ሲጎዳ ግን በጉዳቱ ላይ የደም ፕሌትሌቶች፣ ፋይብሪኖጅንና ከፋይብሪኖጅን የሚሠራው የደም ክር ይከማቻሉ፤ እነዚህ ደግሞ ስታፍ የሚፈልጋቸው መያዣዎች ናቸው። በአገራችን በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣው የሩማቲክ በሽታ ቫልቫቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች ስላሉ፣ ይህ ነገር ከመጽሐፍ የሚነበብ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ቫልቩ የተጎዳ ሰው ትኩሳት ሲይዘውና ቀናት ሲያልፉ ሳይለቀው ሲቀር፣ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ ከመጀመሩ በፊት የደም ናሙና እንዲሰጥ ሐኪሞች አጥብቀው የሚመክሩት፣ አስቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት ባክቴሪያውን በደም ምርመራ እንዳይገኝ ሊሰውረው ስለሚችል ነው።

የሰው ሠራሽ ዕቃዎችም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ፣ የአጥንት ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሰውነት ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ በፋይብሪኖጅን፣ በፋይብሮኔክቲንና በሌሎች የደም ፕሮቲኖች ይሸፈናል። ንጹሕ ፕላስቲክ ወይም ብረት የነበረው ነገር ከዚያ በኋላ ለባክቴሪያው የተመቸ ማረፊያ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ ከያዙት በኋላ እርስ በርስም ይያያዛሉ፤ ለምሳሌ ሳስ ጂ የተባለው ፕሮቲን በዚንክ አማካይነት ከጎረቤት ሕዋስ ሳስ ጂ ጋር እየተጣመረ ንብርብሩን ያወፍረዋል። በዚህ መልክ ባዮፊልም የተባለው ተጣባቂ ንብርብር ከተሠራ በኋላ፣ በደም ውስጥ ተንሳፋፊውን ባክቴሪያ የሚገድለው የመድኃኒት መጠን በንብርብሩ ውስጥ ያለውን አይገድልም። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ እየተሰጠም ቢሆን ቱቦው መውጣት አለበት፣ ብረቱ መነሣት ሊኖርበት ይችላል ብሎ ቤተሰብ ሲያስጨንቅ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ፋይብሮኔክቲንን የሚይዙት ሁለቱ ፕሮቲኖች ደግሞ ከመጣበቅም አልፈው ባክቴሪያውን ወደ ሕዋሶቻችን ውስጥ ያስገቡታል። ፋይብሮኔክቲን በተፈጥሮው ሕዋሶቻችን አካባቢያቸውን የሚይዙበት ፕሮቲን ሲሆን፣ በሕዋሱ ላይ ኢንቴግሪን የተባለ ተቀባይ አለው። ባክቴሪያው ፋይብሮኔክቲንን በአንድ ወገን ሲይዝ ኢንቴግሪኑ በሌላ ወገን ይይዘዋል፤ ብዙ ኢንቴግሪኖች በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡም ሕዋሱ የራሱን ፕሮቲን ያቀፈ መስሎት ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ይውጠዋል። በዚያ የተደበቀውን ባክቴሪያ ነጭ የደም ሕዋሳት አያገኙትም፣ ወደ ሕዋስ ውስጥ በደንብ የማይዘልቁ መድኃኒቶችም አይደርሱበትም። የአጥንት ኢንፌክሽን ድኗል ከተባለ ከወራት በኋላ የሚያገረሽበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታሰባል። ኮላጅንን የሚይዘውና በሁሉም ዝርያዎች ላይ የማይገኘው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ የኮላጅንን ክር ዙሪያውን አቅፎ ስለሚቆለፍ፣ በእንስሳት ሙከራ ከመገጣጠሚያ መመርቀዝ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ወደ አፍንጫ እንመለስ። በአፍንጫ መግቢያ ላይ ያሉት የደረቁ የቆዳ ሕዋሳት ሎሪክሪንና ሳይቶኬራቲን 10 የተባሉ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ክላምፒንግ ፋክተር ቢ የሚይዘው እነዚህን ነው። በኔዘርላንድስ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ፈቃደኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ይህ ፕሮቲን ያለውንና የተወገደበትን ባክቴሪያ በማኖር አነጻጽሮ፣ ፕሮቲኑ የሌለው ከአፍንጫ ቶሎ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ይህ ሥራ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ነው፤ ምክንያቱም ደማቸው በስታፍ የተመረዘባቸው ሕሙማን ሲመረመሩ በአብዛኞቹ ደም ውስጥ የተገኘው ዝርያ አፍንጫቸው ውስጥ ከነበረው ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ጠላቱ ከውጭ የመጣ ሳይሆን ቤተኛ የነበረ ነው ማለት ነው። በአዋቂም በሕፃንም ቆዳን በሚያሳክከው ኤክዜማ ላይም የቆዳው የላይኛ ሕዋሳት ቅርጽ ስለሚለወጥና የሚያዙት ፕሮቲኖች ይበልጥ ስለሚጋለጡ፣ ስታፍ በዚያ ቆዳ ላይ በብዛት ይገኛል።

እስካሁን ያየናቸው ለመያዝ የተሠሩ ናቸው። ፕሮቲን ኤ ግን ዋና ሥራው ሰውነት የሚልካቸውን መከላከያዎች ማደናገር ነው። አንቲቦዲ ሁለት ክንድና አንድ ግንድ ያለው ሞለኪውል ነው፤ በክንዶቹ ባክቴሪያውን ይይዛል፣ ወደ ውጭ ተዘርግቶ የሚቀረውን ግንዱን ደግሞ ነጭ የደም ሕዋስ ይጨብጥና ባክቴሪያውን ይውጠዋል። ፕሮቲን ኤ አንቲቦዲውን በግንዱ በኩል ይይዘዋል፤ በዚህም ክንዶቹ ወደ ውጭ ሲቀሩ ነጭ ሕዋሱ የሚጨብጠው ግንድ ተሸሽጎ ይቀራል። ባክቴሪያው በገዛ አንቲቦዲያችን ተሸፍኖ ያልፋል። ይህን ግንድን የመያዝ ባሕርይ በስዊድን የነበሩት ፎርስግሬንና ሾክቪስት እ.ኤ.አ. በ1966 ያስረዱ ሲሆን፣ ዛሬ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚሰጡ አንቲቦዲዎችን ለማጥራት በዚሁ ፕሮቲን ይጠቀማሉ። ፕሮቲን ኤ በተጨማሪ አንቲቦዲ የሚያመርቱትን ቢ ሕዋሳት በገፍ እየቀሰቀሰ ምላሻቸው ዒላማ እንዲስት ያደርጋል። አንድ ሰው በስታፍ ደጋግሞ ቢታመምም እንደ ኩፍኝ የማያዳግም መከላከያ የማያገኘው በከፊል በዚህ ምክንያት እንደሆነ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

ሌላው የገጽ ፕሮቲኖች ቡድን ብረት ፍለጋ ላይ የተሰማራ ነው። ባክቴሪያ ያለ ብረት አይራባም፣ ሰውነታችን ደግሞ ብረቱን በሄሞግሎቢንና በሌሎች ፕሮቲኖች ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። ስታፍ በመርዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ካፈነዳ በኋላ አይ ኤስ ዲ ቢ የተባለው ፕሮቲን የፈሰሰውን ሄሞግሎቢን ይይዝና ብረት ያዘለውን ሂም ነቅሎ በግድግዳው ውስጥ ለተሰለፉ ዘመዶቹ ያቀብላል፤ እነሱም እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ ያደርሱታል። ይህ ፕሮቲን የሰውን ሄሞግሎቢን ከአይጥ ሄሞግሎቢን አብልጦ መያዙ በላብራቶሪ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ባክቴሪያው ከእኛ ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ መኖሩን ያመለክታል።

ባክቴሪያው ይህን ሁሉ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ አያወጣም። ቁጥሩ ትንሽ ሳለ የሚይዙትንና የሚሸሽጉትን ፕሮቲኖች ያበዛል፤ ቁጥሩ ሲጨምር በመካከላቸው የሚዘዋወረው የኬሚካል ምልክት ይበረታና፣ ብዙዎቹን የገጽ ፕሮቲኖች ቀንሶ መርዝና ሕብረ ሕዋስ የሚበሉ ኢንዛይሞችን ማምረት ይጀምራል። መጀመሪያ መደላደል፣ ቀጥሎ ማጥቃትና መስፋፋት ነው ቅደም ተከተሉ።

የገጽ ፕሮቲኖች ውጭ ላይ ያሉ ስለሆኑ ለክትባት የተመቹ ይመስላሉ፤ ተስፋውም ትልቅ ነበር። ሜርክ የተባለው ኩባንያ በአይ ኤስ ዲ ቢ ላይ የተመሠረተ ክትባት ሠርቶ የደረት ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው 8000 ገደማ ሕሙማን ላይ ሲሞክር፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋረጠ። በ2013 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ክትባቱ ኢንፌክሽንን አልቀነሰም፤ ይባስ ብሎም ተከትበው በኋላ በስታፍ ከተያዙት መካከል የሞቱት ካልተከተቡት አቻዎቻቸው በርክተው ተገኙ። ክላምፒንግ ፋክተር ኤን ጨምሮ አራት ነገሮችን ያካተተው የፋይዘር ክትባትም የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ግቡን እንደማይመታ ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቆመ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስለኝም። አንዱ ፕሮቲን ቢዘጋ ሌላው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ከባክቴሪያው ጋር ስለምንኖር ጥቅም የሌለው አንቲቦዲ አስቀድሞ በደማችን አለ፤ ፕሮቲን ኤም አዲስ የሚመረተውን ግንዱን ይዞ ያከሽፈዋል። አይጥን ያዳነ ክትባት ሰውን ያድናል ብሎ መቸኮል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን የመጀመሪያው ሙከራ በሰው ሕይወት አሳይቷል፤ ይህ ሊረሳ የማይገባው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር ስላለ መለየት ያስፈልጋል። መድኃኒት የተላመደውና ኤም አር ኤስ ኤ የሚባለው ስታፍ፣ ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ላይ ከዋለ ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ የታወቀው፣ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ግድግዳውን የሚገነባ ሌላ ኢንዛይም በማግኘቱ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው የሚይዙ ፕሮቲኖች መድኃኒት በሚበግረውም በማይበግረውም ስታፍ ላይ አሉ። መድኃኒት የሚሠራበት ስታፍ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ የልብ ቫልቭ ላይ ከተደላደለ እሱም ይገድላል።

ዛሬ በእጃችን ያለው ውጤታማ መንገድ ባክቴሪያው የሚይዘውን ቦታ መንፈግ ነው። በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ስታፍ በአፍንጫቸው የተገኘባቸው ሕሙማን ሆስፒታል ሲገቡ ሙፒሮሲን የተባለ የአፍንጫ ቅባትና ክሎርሄክሲዲን ያለው የገላ ሳሙና ሲሰጣቸው፣ በሆስፒታል የያዛቸው የስታፍ ኢንፌክሽን ከ7.7 ወደ 3.4 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። ቱቦን አስፈላጊነቱ እንዳበቃ ማውጣት፣ የተጠራቀመ መግልን በሐኪም እጅ ማስወጣት፣ በየሕመምተኛው መካከል እጅን ማጽዳት ሁሉም በዚሁ መርሕ ላይ የቆሙ ናቸው።

ተመራማሪዎች ደግሞ ሶርቴዝን የሚያግዱ ውሕዶችን እየፈለጉ ነው። ሐሳቡ ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ፕሮቲኖቹን መትከል እንዳይችል ማድረግ ሲሆን፣ ባክቴሪያው በሕይወት ስለሚቀር መድኃኒቱን የመላመድ ግፊቱ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። አንድ ኢንዛይም ሲታገድ ከ20 በላይ ፕሮቲኖች በአንድነት ስለሚጎድሉም፣ አንዱ የሌላውን ቦታ እየሸፈነ ክትባቶቹን ያሰናከለበት መንገድ እዚህ ላይ ይዘጋል። አይጦች ላይ ተስፋ የሚሰጡ ውጤቶች ተገኝተዋል፤ ለሕሙማን የተፈቀደ የሶርቴዝ መድኃኒት ግን እስካሁን የለም።